ጉንዳን የመረጠው ጠርሙስ

መርማሪው የመቀርቀሪያውን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈታ በግራ መዳፉ ይሰበስብ ነበር። ካቻቢቴውን ያዋሰችው ጎረቤት ልብስ ሰፊ ከኋላው ቆማ ሜትሯን በጣቷ ትጠቀልላለች፤ ትፈታለች። ሳጅኑ ጓጉንቸሩን በመጋዝ እንቁረጠው ብሎ ነበር። መርማሪው ግን ቁልፉ ሳይነካ እንዲቆይ ፈለገ። በሩ የተቆለፈው ከውጭ ነው። በመስኮቱ ብረት መሃል የሚታየው ሰው ያለው ግን ውስጥ ነው።

"ጌታዬ፣ በዚህ አያያዝ እስክንገባ ጡረታ እንወጣለን" አለ ሳጅኑ።

"አንተ ቀድመህ ውጣ።"

የመጨረሻው ብሎን ወጣ፤ በሩ ተከፈተ።

ክፍሉ ከአንድ አልጋና ከአንድ ጠረጴዛ በላይ አይይዝም። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ስልኮች፣ ጎናቸው ደግሞ የቀዘቀዘ የብየዳ ካውያ። ሰፈሩ "ሽቦ" የሚለው ስልክ ጠጋኝ ወጣት አልጋው ላይ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ተኝቷል። ቁስል የለበትም፤ የተገለበጠም የተሰበረም ነገር የለም። ራስጌው አንድ ቡናማ ጠርሙስና ማንኪያ አለ። የጠርሙሱ ወረቀት በውሃ ተነክሮ ተልጧል። መርማሪው ወደ ብርሃን አነሳው። ሩቡ ያህል ሮዝ ፈሳሽ ይዟል፤ ከአንገቱ ሥር ደግሞ የደረቀ አረንጓዴ ቀለበት አለ፤ ሮዙ ከመግባቱ በፊት የነበረ።

"እስር ቤት ነው" አለ ሳጅኑ የመስኮቱን ብረት እየነቀነቀ።

"የእስረኛ ትራስ ልብስ ማን ይተኩሳል?"

ሳጅኑ ትራሱን አየ። የተኩሱ መስመር ገና አልጠፋም። ወንበሩ ላይ የታጠፈ ሸሚዝ፣ መሬት ላይ በሳህን የተከደነ ምግብ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ደጃፉን አላለፈችም። "ሱቁን ከዘጋ ወራት ሆኖታል፤ ታሟል አሉ። ማታ ማታ አንድ ሰው ይመጣል። በጓሮ በር ስለሚገባ መልኩን አላውቀውም፤ የኔ ፊት ወደ መንገድ ነው። ግድግዳው ግን ስስ ነው።"

"ምን ሲሉ ይሰማል?"

"ልጁ 'ትንሽ ጨምርልኝ' ይላል። ሰውዬው 'ተው፣ ደርሰናል እኮ' ይለዋል። እኔ ምግብ መስሎኝ፣ ምን ዓይነት ሆዳም ዘመድ ነው እያልኩ ስረግመው ነበር።" ሜትሯን ጠቀለለች። "ከትናንት ወዲያ ግን ጧት መጣ። 'ለሁለት ቀን ነው፣ አደራ' አለው። ከዚያ ቁልፉ ጠቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ የለም።"

*

የሆስፒታሉ ፋርማሲስት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ንጹሕ ሴት ናት። ጠርሙሱን ገና ስታየው መነጽሯን አደረገች።

"የኛ ነው። ሞርፊን ነው። በከተማው ይህን የምንበጠብጠው እኛ ብቻ ነን።"

"ቀለሙስ?"

"እኛው ነን የምንጨምረው። አረንጓዴው ቀላሉ ነው፤ ሮዙ በብዙ እጥፍ ብርቱ። የደከመው ነርስ ወረቀቱን ሳያነብ ቢቀር እንኳ ዓይኑ እንዲያስጠነቅቀው ነው።" የአረንጓዴውን ቀለበት በጥፍሯ አሳየችው። "ይህን ግን እኛ አላደረግነውም። አረንጓዴ በነበረበት ጠርሙስ ሮዝ መጨመር እዚህ ቤት ከሥራ ያስወጣል።"

"ሮዙን ማን ይወስዳል?"

"ቤታቸው የተኙ፣ ሕመሙ የጸናባቸው። በሐኪም ማዘዣ፣ በነርሷ እጅ። ሰውየው ሲሞት የተረፈው ተመልሶ ይመጣና ዕቃ ቤት ይቀመጣል፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪያስወግደው።"

"ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?"

"ኮሚቴ ተሰብስቦ ያውቃል?"

"ከሚመለሰው ጎድሎ ያውቃል?"

"ጠብታ አልጎደለም። እኔው ነኝ የምለካው።"

መርማሪው ለአለቃው ደወለ። አለቃው ሁለት ጊዜ እንዲያስብ ጊዜ አልሰጠውም፤ ምንጩ እስኪታወቅ ሞርፊኑ ይታሸግ አለ። መርማሪው የማኅተሙን ሽቦ በቁም ሳጥኑ እጀታዎች አሳልፎ የእርሳስ ማኅተሙን በመጭመቂያው ጫነ፤ ወረቀቱ ላይ ስሙን ጻፈ።

"ታማሚዎቼስ?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ምንጩ እስኪታወቅ ብቻ ነው።"

"ሕመሙም እስኪታወቅ ይጠብቃል?"

መርማሪው ሽቦው መጥበቁን በጣቱ ፈተነ። ጠብቋል።

*

ሳጅኑ በሟቹ ስልክ ውስጥ የቤት ለቤት ነርሷን ቁጥር አገኘ። እሷም ከገጠር ተመልሳ ቦርሳዋን ገና ከትከሻዋ ሳታወርድ ኮሪደሩ ላይ ቆሙባት።

"ስልኬን ጠግኖልኛል" አለች። "የከተማው ግማሽ ስልክ በልጁ እጅ አልፏል። የርስዎም ሳይሆን አይቀርም።"

መርማሪው ሳያስበው ኪሱን ነካ።

"ያለፉትን ሁለት ቀናት የት ነበሩ?"

"ከመንገድ ርቀው ያሉ ሕመምተኞቼ ጋ። ቤት ለቤት ይጠይቁ፤ ያደርኩበትንም ይጠይቁ።"

"ልጁ የሞተው በመጀመሪያው ሌሊት ነው ይላል ሐኪሙ።"

"እንግዲያው ነጻ ነኝ።"

"መድኃኒቱን ትቶለት የሄደ ሰው ቦታው ላይ መገኘት አያስፈልገውም። 'ለሁለት ቀን ነው' ብሎት ሄዷል። እኔ የምፈልገው ሁለት ቀን ከከተማ የወጣ፣ ሮዙም በእጁ የሚገባ ሰው ነው።"

ነርሷ ሁለት እጇን አንድ ላይ አድርጋ ዘረጋችለት፤ ለካቴና። ሳጅኑ ወደ መርማሪው ተመለከተ።

"ግድ የለም፣ ይሰሩኝ። ብቻ ከማሰርዎ በፊት አንድ ቤት አብረውኝ ይሂዱ። የርስዎ የማኅተም ሽቦ የት ድረስ እንደሚጠብቅ ላሳይዎት።"

*

የሆስፒታሉን መኪና የሚነዳው፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው፣ ሽበት ጆሮው ላይ የቀረ ሰው ነው። ለመርማሪው የፊቱን በር ከፈተለት።

"መርማሪ ስጭን የመጀመሪያዬ ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ተጠርጣሪ ነው ይባላል፤ እርስዎ ከፊት ይሁኑ።"

"እኔ ቦታዬን አውቄያለሁ" አለች ነርሷ ከኋላ እየገባች።

ጋሼ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሞተሩ ሳይነሳ አለቀ። ጥቂት መንገድ ከሄዱ በኋላ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ጠየቀ።

"ያ ልጅ... ተሰቃይቶ ነው የሞተው?"

"አይመስልም። እንደተኛ ነው።"

"ጥሩ" አለ ጋሼ። ቆየት ብሎም "ጥሩ አይባልም መቼም" አለ።

ከአንድ ዝቅ ያለ ቤት በር ሲደርሱ የሚያቃስት ሰው ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማል። ጋሼ መስኮቱን ዘጋ። "እሱ አይገባም" አለች ነርሷ እየወረደች። "ስንት ዓመት አብረን ስንዞር አንድም ቤት ገብቶ አያውቅም። የሰው ማቃሰት አይችልም።"

በሽተኛው በሥራ ዘመኑ ፀጉር አስተካካይ የነበረ ሽማግሌ ነው። ሴት ልጁ በር ከፍታ ነርሷን ስታይ መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው፤ ባዶ መሆኑን አይታ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ሽማግሌው ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። እንግዳ መግባቱን ሲሰማ በጭንቅ ዞረ፤ የመርማሪውን ራስ ትኩር ብሎ አየ።

"ይህን ራስ ማነው የቆረጠው?"

"እ... ሰፈሬ ያለ ሰው ነው፣ አባባ።"

"ፖሊስ ነህ አሉኝ። መጀመሪያ እሱን እሰር። ማስረጃው እንደሆነ አናትህ ላይ ነው።"

መርማሪው ፈገግ ሊል ሲል ሕመሙ መጣ። ሽማግሌው የፎጣውን ጫፍ በጥርሱ ያዘ። የአልጋው ብረት መንቀጥቀጥ ጀመረ። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ማንም ማንንም ማየት አልቻለም።

"ትናንት ነው ያለቀው" አለች ልጁ ወደ መርማሪው። "ዛሬ ይመጣል ስለው ነበር። አሁን ምን ልበለው?"

መርማሪው ወደ ግቢው ወጥቶ ለአለቃው ደወለ። አንድ ጠርሙስ ብቻ ይፈቀድለት እንደሆነ ጠየቀ።

"ከየት እንደሚያፈስ ሳታውቅ ቧንቧ ልትከፍት?" አለ አለቃው። "ነገ ሌላ ልጅ ቢሞት ፊርማው ያንተ ነው።"

"አሁንም ፊርማው የኔ ነው።"

"እንግዲያው ፍጠን።"

ከውስጥ ማቃሰቱ ቀጠለ። መርማሪው ስልኩን እንደያዘ በግቢው አጥርና በቤቱ ግድግዳ መሃል ቆመ። ወደ ውስጥ መግባት አልቻለም፤ ነርሷ ሳትወጣ መሄድም አልቻለም።

*

በማግስቱ ጧት ዕቃ ቤቱን እንድትከፍትለት ፋርማሲስቷን ጠየቃት። ከሟቾች ቤት የተመለሱት ጠርሙሶች በአንድ ካርቶን ውስጥ መደርደሪያው ሥር ናቸው። ካርቶኑን ስትስበው ፊቷ ቀላ። ከመስኮቱ ጥግ የተነሣ የጉንዳን መስመር በግድግዳው ወርዶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል።

"መድኃኒት ቤት ውስጥ ጉንዳን። የሚያሳፍር ነው። ቆይ፣ መጥረጊያ..."

"አይንኳቸው" አለ መርማሪው።

ተንበርክኮ አየ። ጉንዳኖቹ ብዙዎቹን ጠርሙሶች እንደ ድንጋይ ዞረው ያልፋሉ። ጥቂቶቹን ግን ክዳናቸው ላይ ወጥተው ከበዋቸዋል።

"ውስጡ ስኳር አለው?"

"ስኳር? ውሃ፣ ዱቄት፣ ቀለም፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ነገር። እንደ እሬት የሚመር ነው። ጉንዳን ምን አጥቶ?" አለችና በራሷ ቃል ደነገጠች። ጓንት አድርጋ ከተከበቡት አንዱን ከፈተች፤ ጠብታ በጣቶቿ መሃል አሸች። ጣቶቿ ተጣብቀው ተላቀቁ።

ፋርማሲስቷ ካርቶኑ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"ልኩን ነበር የማየው። ልኩ ሁሌም ትክክል ነበር። ምን እንደሆነ አላየሁም።"

መርማሪው ጉንዳን የወጣባቸውን ለይቶ ክዳናቸው ላይ በተጻፈው ቀን ደረደራቸው። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የመጨረሻው ሮዝ። ሟቹ ራስጌ የነበረው ጠርሙስ አንገት ትዝ አለው። ሌባው በቦታው ቀለም ያለው ሽሮፕ እየተካ ሲወስድ የከረመው አረንጓዴውን ነው፤ ሮዝ ያገኘው አንዴ፣ በመጨረሻ።

"ነርሷ ብትሆን ስኳር ትጨምርበት ነበር?"

ፋርማሲስቷ ጥያቄውን በቁም ነገር አሰበችበት። "አትጨምርም። በየቀኑ ትቀዳዋለች፤ እንደ ውሃ እንደሚፈስ ታውቃለች። ሮዙንም በአረንጓዴው ማንኪያ አትለካም፤ እንቅልፍ ላይ ብትሆን እንኳ። ይህን ያደረገ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ያውቃል እንጂ ሲቀዳ አይቶ አያውቅም።"

ነርሷን ኮሪደሩ ጫፍ አገኛት። ቦርሳዋን እያስተካከለች ነበር፤ ይዟት ሊሄድ የመጣ መስሏት ዘጋችው።

"ከሟች ቤት ጠርሙሱን ሲያወጡ እርስዎ ነዎት ይዘውት የሚመጡት?"

"አዎ። ማለት..." ቆመች። "እኔ ከቤተሰቡ ጋር ጥቂት እቆያለሁ። የሚያለቅስ ሰው ጥሎ አይወጣም። ጠርሙሱን በመኪናው መስኮት..."

አልጨረሰችውም። ቦርሳዋን እንደገና ከፈተች፤ ምንም አላወጣችም።

*

ጋሼ በግቢው ዛፍ ሥር የመኪናውን የፊት መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። መርማሪው ጎኑ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መድኃኒቱን አረንጓዴና ሮዝ የሚያደርጉት ለምን ይመስልዎታል?"

"ለጣዕሙ ነዋ። አረንጓዴው ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ሮዙም እንደ ፍራፍሬ ነው መቼም። የልጆቹስ እንዲያ አይደል? የእህቴ ልጅ ሕፃን ሳለ የሳል ሽሮፕ ስገዛለት ቀይ ካልሆነ አፉን አይከፍትም ነበር። ተጣብቆ ተጣብቆ ሸሚዙ ሁሉ..." ጨርቁ ቀስ እያለ መጣ።

"የእህትዎ ልጅ አሁን የት ነው?"

ጨርቁ ቆመ። ውሃው በመስታወቱ ላይ መስመር ሠርቶ ወረደ።

"እናንተ ጋ ነው" አለ ጋሼ። "ሬሳ ክፍል። ምኑ ነኝ ብዬ ልጠይቀው? እንዴት ብዬ ልቅበረው? ከትናንት ጀምሮ በበሩ ሳልፍ መኪናውን ቀስ አደርጋለሁ። ከዚያ እነዳለሁ።"

ጋሼ ጨርቁን ጨምቆ ቀጠለ።

"ሱስ ይዞት፣ መንገድ ላይ የሚሸጠውን እንክብል ነበር የሚውጠው። ሁለት ጓደኞቹ በሱ ሞቱ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ አልጋ የለም፣ ተራ ጠብቁ አሉን። 'አጎቴ፣ ቆልፍብኝ' ያለኝ እሱ ራሱ ነው። የሞቱ ሰዎች ትራፊ ይደፋል ሲሉ እሰማለሁ። ከሚደፋ፣ አልኩ። በማንኪያ፣ በየማታው፣ እየቀነስኩ። ባለፈው ሳምንት ካውያውን አምጣልኝ አለኝ። ሥራ አማረው። ደርሰን ነበር እኮ።"

"መራራ ነው አላለዎትም?"

"ይላል። የታመመ አፍ ማርም ይመረዋል ብዬ ነው።" አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "ጥፋቴ ሌላ ነው። ወደ ገጠር ስንሄድ የሁለት ቀኑን ትቼለት ሄድኩ። አመንኩት። እንዲህ ዓይነት ልጅ አይታመንም ይሉኝ ነበር፤ እሺ አላልኩም። በአንድ ጊዜ ጨለጠው። አይደል?"

መርማሪው ይህን ጥያቄ አልጠበቀውም። ትቶት መሄድ ይችል ነበር፤ ቁልፉንና ቃሉን ተቀብሎ። ሰውየው ግን በተሳሳተ ነገር የእህቱን ልጅ እየወቀሰ ወደ እስር ሊገባ ነው።

"አልጨለጠውም፣ ጋሼ። የቀረውን ለክተነዋል። የወሰደው አንድ ማንኪያ ነው። እርስዎ ያሉትን ያህል።"

ጋሼ ተመለከተው።

"ቀለሙ ለጣዕም አይደለም። ሮዙ ከአረንጓዴው በብዙ እጥፍ ይበረታል። ልጁ ደግሞ እየቀነሰ መጥቶ፣ ሰውነቱ ብርቱውን የሚችል አልነበረም።"

ጋሼ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠ። ለረጅም ጊዜ እጁን ከውሃው አላወጣም።

"ስለዚህ አደራዬን ጠብቋል" አለ በመጨረሻ።

"ጠብቋል።"

"ስንት ዓመት መድኃኒቱን በመኪናዬ ጫንኩት። አንድ ሰው እንኳ... እኔም አልጠየቅኩም። መስኮቴን እየዘጋሁ።" እርጥብ እጁን ኪሱ ከትቶ የመኪናውን ቁልፎች አወጣ። ትንሿ የጓጉንቸር ቁልፍ ከመሃላቸው ነበረች፤ ሁሉንም ዘረጋለት። መርማሪው ተቀብሎ ለያት፤ የቀሩትን መልሶ ሊሰጠው ሲል ሰውየው ከእንግዲህ እንደማይነዳ ትዝ አለውና ሁሉንም ያዘ።

*

አለቃው ማኅተሙ ይነሳ ለማለት አንድ ቃል ብቻ በቃው። ሽቦው በጉጠት ተቆረጠ። ፋርማሲስቷ ኮሚቴውን ሳትጠብቅ፣ ለማስረጃ ከተያዙት በቀር፣ የተመለሱትን ጠርሙሶች በነርሷና በሳጅኑ ፊት ደፋቻቸው፤ ከእንግዲህ የሚመለሰው ሁሉ በመጣበት ዕለት በባለሙያ ተፈትኖ ይወገዳል አለች። ማንም አልተከራከራትም።

መኪናውን የነዳው መርማሪው ነው። ነርሷ ከፊት ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ "በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት፣ በመስኮት" አለች። መርማሪው "አውቃለሁ" አለ።

ሽማግሌው አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተደግፏል። አንድ ጉንጩ ተላጭቷል፤ ሌላው ላይ የሳሙና አረፋ ደርቆበታል። ጧት ልጁ ልትላጨው ጀምራ ሕመሙ መሃል ላይ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ እጅ ሲነካው አልቻለም። ነርሷ ሮዙን ወደ መለኪያው ቀዳች። እንደ ውሃ ነው የሚፈስሰው። ሽማግሌው መራራነቱን ፊቱን ጨምድዶ ዋጠው።

ጠበቁ። የአልጋው ብረት መንቀጥቀጡን ቀስ በቀስ ተወ። ልጁ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ እንቅልፍ ወሰዳት።

"አትቀስቅሷት" አለ ሽማግሌው። "እኔን ግን እንዲህ ግማሽ ሰው አድርጋችሁ አትተዉኝ። አንተ፣ በወጉ ያልተቆረጥከው። እጅህ ይጸናል?"

"ልሞክር፣ አባባ።"

መርማሪው ሳሙናውን አርጥቦ ጉንጩን እንደገና ቀባው። ምላጩን አነሣ።

"ቆዳውን ወደ ላይ ሳብ። ወደ ላይ አልኩህ። እንደ ወንጀለኛ አትያዘኝ።"

ሳበ። ምላጩ ከጆሮው ሥር ጀምሮ ወረደ።

"ሰውየውን ያዝከው?"

"ያዝኩት።"

"ፊትህ ያመለጠው ሰው ይመስላል።"

መርማሪው አገጩ ጋ ሲደርስ ዝግ አለ፤ ከአጥንቱ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ በምላጩ ጫፍ አጸዳት። ሽማግሌው ሌላ ትእዛዝ አልሰጠም። ትንፋሹ እኩል ሆኖ ነበር። መርማሪው የቀረችውን የከንፈር ሥር ጨረሰ፤ ፊቱን በለብ ያለ ጨርቅ ጠረገለት። ምላጩን አጥቦ አደረቀው፤ አጥፎም መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው።